«አገሩ ሰላም ነው?»

ሩቅ አገር ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «አገሩ ሰላም ነው?» ብሎ ነው። የትኬቱን ዋጋ፣ የቪዛውን ጣጣ፣ የብርዱን መጠንና የሚያስፈልገውን ልብስ የሚያጠያይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ጥያቄ በአማርኛ የሰላምታም ቃል በመሆኑ ከአፍ ለመውጣት አይከብድም። በመንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ሲጠያየቁት መልሱን እምብዛም አይጠባበቁም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ይተላለፋሉ። ሻንጣውን ሊያዘጋጅ የተነሣው መንገደኛ ግን መልሱን አጥብቆ ይሻል። «ሰላም ነው» ከተባለ ይሄዳል፤ «አያስተማምንም» ከተባለ ይቀራል። ቢሄድም ቢቀርም ራሱን አስተዋይና ጠንቃቃ አድርጎ ይቆጥራል።

ለመሆኑ ጥያቄው ሙሉ ነውን? «ሰላም ነው?» ሲባል ለማን መሆኑ አልተነገረም። መንገደኛው «ለእኔ» ማለቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። የእርሱ ሰላም በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ግን አይጠይቅም፤ እንዲጠይቅ የሚያስገድደውም የለም። ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ የታወቀ ቦታ ይዞ መመልከት ይሻላል። ያም ቦታ በፓኪስታን የሚገኘው የማላም ጃባ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ነው።

ማላም ጃባ በሰሜን ምዕራብ ፓኪስታን፣ በኸይበር ፓኽቱንኽዋ ክፍለ ሀገር፣ ከስዋት ሸለቆ በላይ የሚገኝ የሂንዱ ኩሽ ተራራ ነው። የሸለቆው ትልቅ ከተማ ከሆነችው ከሚንጎራ ተነሥቶ፣ ጥድ በለበሰ ዳገት ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መዝናኛው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጧል። ይህ ቁጥር ለአዲስ አበባ ሰው ብርቅ አይደለም፤ የእንጦጦ ራስ ከዚያ ይበልጣል። ልዩነቱ እንጦጦ ለምድር ወገብ ቅርብ ሲሆን ማላም ጃባ ወደ ሰሜን ርቆ የሚገኝ መሆኑ ነው፤ በክረምታቸው ወራት ተራራው ነጭ ይለብሳል። አማርኛ የቤት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጣሩንም፣ እንደ ባዘቶ እየተነጠፈ ለወራት የሚቆየውንም «በረዶ» በሚል አንድ ቃል ይጠራቸዋል። የመጀመሪያውን ብቻ ሲያውቅ የኖረ ሰው ሁለተኛውን ሲረግጥ ከብርዱ ይልቅ ዝምታው ሳይገርመው አይቀርም።

የሸርተቴው ቁልቁለት ርዝመት 800 ሜትር ያህል ነው። የአልፕስን ተራሮች ለለመደ ሰው ይህ ከልጆች መጫወቻ ብዙም አይለይም። ሰው ወደ ማላም ጃባ የሚሄደው ግን በቁልቁለቱ ርዝመት ተማርኮ አይደለም። አብዛኞቹ ጎብኚዎች ከላሆር፣ ከፔሻዋርና ከካራቺ የሚመጡ የአገሩ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ መንሸራተቻውን ከእግራቸው ሳያስሩ፣ በገመድ በሚጎተተው ወንበር ወደ ላይ ወጥተው፣ በረዶ ተወራውረውና ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ። ለምሥራቅ አፍሪካ ሰውም ቢሆን ቦታው እንደሚታሰበው ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ወደ ካራቺ መብረር እንደገና ጀምሯል። ፓኪስታን የኬንያን ሻይ በብዛት በመግዛት የምትታወቅ አገር ስለሆነች፣ በማላም ጃባ ብርድ ላይ ለመንገደኛው የሚቀርብለት ትኩስ ሻይ ከኬሪቾ ኮረብቶች የተነሣ ሊሆን ይችላል። በ2010 በተካሄደው የቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክም ሙሐመድ አባስ የመጀመሪያው የፓኪስታን ተወዳዳሪ ሆኖ ሲሰለፍ፣ ሮቤል ተክለማርያም የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰልፎ ነበር። ሁለቱም ከአሸናፊዎቹ እጅግ ርቀው ቢጨርሱም፣ በረዶ የሀብታም አገሮች ርስት ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት በቅተዋል።

የስዋት ታሪክ ግን ከበረዶው በታች ያለ ነው። ሸለቆው እስከ 1969 ድረስ «ዋሊ» በሚባል የራሱ ገዥ ሲተዳደር የኖረ ሲሆን፣ ውበቱ «የምሥራቅ ስዊዘርላንድ» የሚል ቅጽል ስም አትርፎለታል። (አንዱን አገር በሌላው አገር ስም ማወደስ ምን ያህል ማወደስ እንደሆነ ያጠራጥራል።) የሸርተቴ መዝናኛው የተቋቋመውም በኦስትሪያ መንግሥት እርዳታ ነው። ከ2007 ጀምሮ ታሊባኖች ሸለቆውን በቁጥጥራቸው ሥር እያስገቡ ሄዱ። ሙዚቃ ከለከሉ፤ ትምህርት ቤቶችን በመቶዎች አወደሙ፤ ሴቶች ልጆች ከትምህርት ገበታ እንዲቀሩ አዘዙ። በጁን 2008 በማላም ጃባ የነበረውን የመንግሥት ሆቴል አቃጠሉት፤ ገመዱና ወንበሮቹም ከጥቅም ውጭ ሆኑ። በ2009 የፓኪስታን ጦር ባካሄደው ዘመቻ ከስዋትና ከአካባቢው ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2012፣ የሚንጎራ ልጅ የሆነችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ማላላ ዩሱፍዛይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በተሳፈረችበት መኪና ውስጥ ጭንቅላቷ ላይ በጥይት ተመታች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መዝናኛው እንደገና ተሠራ። አንድ የግል ኩባንያ ቦታውን በኪራይ ተረክቦ አዲስ ወንበርና ገመድ ተከለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትልቅ ሆቴልም ተነሣ፤ የውጭ አገር ተወዳዳሪዎች የሚሳተፉባቸው ውድድሮችም ተካሄዱ። ሥራው ያለ እንከን አልነበረም። 275 ኤከር የደን መሬት ለኩባንያ የተሰጠበት መንገድ ለዓመታት ክርክርና የፀረ ሙስና ምርመራ አስከትሏል። ይሁን እንጂ ለሚንጎራ ሾፌር፣ በዳገቱ ላይ በቆሎ ለሚጠብሰው ልጅ፣ ወፍራም ካልሲና ጓንት ለሚያከራየው ሱቀኛ የገመዱ ወንበር እንደገና መንቀሳቀሱ ከመዝናኛነት ያለፈ ትርጉም አለው። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ክፉው ዘመን አልፏል፤ ሲቆም ምናልባት እየተመለሰ ነው።

እንግዲህ ወደ መንገደኛው ጥያቄ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024 በኢስላማባድ ተቀማጭ የሆኑ የብዙ አገሮች ዲፕሎማቶች የአካባቢውን የቱሪዝም ተስፋ እንዲያዩ ተጋብዘው ከሚንጎራ ወደ ማላም ጃባ በመጓዝ ላይ ነበሩ። ከመካከላቸው የሩሲያ፣ የኢራን፣ የኢንዶኔዥያ፣ የፖርቱጋል፣ ከአፍሪካም የሩዋንዳና የዚምባብዌ ተወካዮች ይገኙባቸዋል። ከፊት ለፊት የፖሊስ መኪና መንገድ እየመራ ይሄድ ነበር። በመንገድ ዳር የተጠመደ ፈንጂ ያንን የፊተኛውን መኪና መታው። አንድ ፖሊስ ሞተ፤ ጓደኞቹ ቆሰሉ። ከዲፕሎማቶቹ አንድም ሰው ሳይነካ ሁሉም በሰላም ወደ ኢስላማባድ ተመለሱ።

ዜናው በዓለም ዙሪያ በተሠራጨ ጊዜ ዘገባዎቹ «ዲፕሎማቶቹ ደህና ናቸው» ማለታቸው አልቀረም። ይህ አባባል እውነት ነው። «አገሩ ሰላም ነው?» ለሚለውም ጥያቄ ተገቢ መልስ ነው፤ ለጎብኚዎቹ ሰላም ነበርና። ጎደሎ የነበረው ጥያቄ ጎደሎ መልስ አገኘ ማለት ነው። ፈንጂው የዚያን ዕለት ሰላም መሆኑንና አለመሆኑን ለሁለት ከፈለው፤ ከኋላ ባሉት መኪኖች ውስጥ ሰላም ነበር፤ ከፊት በነበረው መኪና ውስጥ አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምናልባት ጥቂት ሜትሮች ነበር። ይህ ርቀት በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ አጀብ ማለት ትርጉሙ ይኸው ነው። አጃቢው ከፊት የሚሄደው ሊደርስ የሚችለው ነገር በእርሱ ላይ እንዲደርስ ነው።

አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ አደጋ ውስጥ ቢገባ ማንም ሊወቅሰው አይገባም የሚል ሐሳብ አለ፤ ሐሳቡም ሚዛን ይደፋል። እንዲያውም የበረዶ ሸርተቴ ራሱ የዚህ ዓይነቱ ሐቀኛ አደጋ ምሳሌ ነው። ከተራራው አናት ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚወረወር ሰው የሚወድቀው በራሱ ጉልበት፣ የሚሰበረውም የራሱ አጥንት ነው። ደስታውም ስጋቱም በአንድ ሰው ውስጥ ናቸው፤ ደስታው የሚጥመውም ስጋቱ የራሱ ስለሆነ ነው። ሸርተቴውን በእርሱ ስም ሌላ ሰው ቢንሸራተትለት፣ እርሱ ግን ከታች ሆኖ ደስታውን ብቻ ቢቀበል፣ ይህ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ወደ ሸርተቴው በሚያደርሰው መንገድ ላይ ግን የሆነው ልክ ይኸው ነው፤ ደስታው የአንዱ፣ አደጋው የሌላው ሆኖ ተከፈለ። ጉዞውን ያቀደው ሰው ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ራስ ቁሩ ብዙ ተጨንቆ ይሆናል። እውነተኛው አደጋ የነበረበትን አርባውን ኪሎ ሜትር ግን ለሌሎች ትቶታል።

«ፖሊሱ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ሥራውን ወዶ ገብቶበታል» የሚል ተቃውሞ ወዲያው ይነሣል። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። የእሳት አደጋ ሠራተኛም ሐኪምም ለአደጋ እንደሚጋለጡ እያወቁ ሙያቸውን ይይዛሉ፤ ማንም ሰው ቤቱ ሲቃጠል «የእሳት አደጋ ሠራተኛውን ላለመጉዳት» ብሎ ሳይጠራው አይቀርም። ነገር ግን የእሳት አደጋ ሠራተኛው የሚጠራው ቤት ስለተቃጠለ ነው። ጎብኚው የሚታጀበው ሊንሸራተት ስለፈለገ ነው። ደመወዝ ሁለቱን ጥሪዎች እኩል አያደርጋቸውም። በኸይበር ፓኽቱንኽዋ ፖሊስ መሆን ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ቀን ማስታወስ ይበቃል፤ በጃንዋሪ 30 ቀን 2023 በፔሻዋር በፖሊስ ግቢ ውስጥ ባለ መስጊድ በደረሰው ፍንዳታ ከ80 በላይ ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹ ፖሊሶች ነበሩ። በዚያ ክፍለ ሀገር የደንብ ልብሱን የሚለብስ ሰው አደጋው ከፊቱ መሆኑን ያውቃል። ልጆች የሚያሳድግበት ሌላ ገቢ የሌለው ሰው «ወዶ ገባ» ሲባል «ወዶ» የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት መሸከም እንደሚችል ግን ማሰብ ያስፈልጋል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት ሰው ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አድርጎ እንዳይጠቀምበት፣ ይልቁንም ራሱን የቻለ ዓላማ አድርጎ እንዲያየው አስተምሯል። ከዚህ ትምህርት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው «ብቻ» የሚለው ቃል ነው። ካንት ሾፌር መቅጠርን፣ አስተናጋጅ ማዘዝን፣ ጠባቂ ማቆምን አልከለከለም፤ ሰዎች ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው ይገለገላሉ። የከለከለው ሰውየው ከአገልግሎቱ ውጭ እንዳልነበረ መቆጠሩን ነው። የመንገደኛው ስሕተት በአጃቢ መታጀቡ አይደለም ማለት ነው። ስሕተቱ በጉዞ ዕቅዱ ውስጥ ለጓንቱ የሰጠውን ያህል ቦታ ለአጃቢው አለመስጠቱ ነው።

ስዋት የሚኖሩት ፓሽቱኖች ስለ እንግዳ ያላቸው ሕግ እዚህ ላይ ትልቅ ብርሃን ይሰጣል። «ፓሽቱንዋሊ» በሚባለው የአኗኗር ሥርዓታቸው ውስጥ «ሜልማስቲያ» የሚሉት የእንግዳ ተቀባይነት ግዴታ አለ። በደጃቸው የደረሰውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ውለታ ሳይጠብቁ ያበሉታል፣ ያሳድሩታል፤ በቤታቸው እስካለ ድረስም ከጠላቱ ይከላከሉለታል። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ሲጣራ ከውስጥ «ቤት ለእግዚአብሔር» የሚባልበት ባህል ከዚያ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። በሁለቱም ባህሎች እንግዳውን የተቀበለ ሰው ለእርሱ ደህንነት ኃላፊ ይሆናል፤ እንግዳው በእጁ ቢጎዳ ውርደቱ የባለቤቱ ነው።

ይህ ሕግ በዛሬው የጉብኝት ሥራ ውስጥ ምን ሆነ ቢባል፣ ተሰነጣጠቀ ማለት ይቻላል። በቀድሞው ሥርዓት የሚጋብዘው፣ የሚያበላው፣ የሚጠብቀውና ክብሩን የሚወስደው አንድ ሰው ነበር። ባለቤቱ በእንግዳው ምክንያት ቢሞት እንኳ እንግዳውን ወደ ቤቱ ያስገባው ራሱ ነው፤ «ግባ» ያለው በገዛ አፉ ነው። አሁን የሚጋብዘው የመንግሥት ቢሮ ወይም ነጋዴው ነው፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ሆቴሉ ነው፤ መልካም ስሙን የምታገኘው አገሪቱ ናት፤ ከፊት የሚሄደው ግን እንግዳውን ያልጋበዘ፣ ስሙን የማያውቅ፣ ምናልባትም ከነጋ ሻይ እንኳ ያልቀመሰ ፖሊስ ነው። የሜልማስቲያ ሸክም ሁሉ በእርሱ ላይ ወርዷል፤ ክብሩ ግን አልተከተለውም። አንዱ የጋበዘውን እንግዳ ሌላው በሕይወቱ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ይህ እንግዳ ተቀባይነት ከሆነም የጎደለው ነገር አለ።

ታዲያ አለመሄድ ይሻላልን? ብዙዎች ከዚህ ላይ ሲደርሱ «አርፎ ቤት መቀመጥ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጋሉ። ይህ ግን የታሰበውን ያህል ንጹሕ መፍትሔ አይደለም። ማንም ባይሄድ የገመዱ ወንበር ይቆማል፤ በቆሎ ጠባሹ ልጅ ገበያ ያጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ2008 ሆቴሉን ያቃጠሉት ሰዎች የፈለጉት ሳይዋጉ ይሆንላቸዋል። ፈንጂ የሚያጠምድ ሰው የሚያነጣጥረው በፖሊሱ መኪና ላይ ብቻ አይደለም፤ ገና ከቤቱ ባልወጣው መንገደኛም ላይ ነው። ስለዚህ መቅረትም እንደ መሄድ ሁሉ የአንድን ወገን ሐሳብ ማስፈጸም ሊሆን ይችላል። በቤቱ ሆኖ «እኔ በማንም ደም አልጠየቅም» የሚል ሰው የሚንጎራን ሱቀኛ ልጆች ከቁጥር አላስገባቸውም።

በሌላ በኩል «መሄዴ ለሕዝቡ አጋርነት ነው» የሚለውም ሰው ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። ከሚጓዙት መካከል አደገኛ የተባለ ቦታ ደርሶ መመለሱን እንደ ጀብዱ የሚቆጥር አይጠፋም። ስዋት ሄድኩ ሲል ድምፁ ከፍ ይላል፤ ጓደኞቹ «አልፈራህም?» ሲሉት ፈገግ ይላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚኩራራበት ድፍረት ግን ብዙ ጊዜ የተበደረው ነው። በእርሱ ምትክ የፈራና ከፊት የሄደ ሰው አለ። እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩት ሰዎች በየቀኑ በዚያ መንገድ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይልካሉ፤ ስለዚህም ጀብዱ ሲያወሩ አይሰሙም።

የአገሩ ጎብኚዎች ነገር ደግሞ ይህን ሁሉ ሌላ መልክ ይሰጠዋል። የላሆር ቤተሰብ ሦስት ትውልድ በአንድ መኪና ጭኖ ወደ ስዋት ሲሄድ ማንም ፖሊስ አያጅበውም። የሚያገኘው ሰላም የአገሩን ሰው ሰላም ያህል ነው፤ የሚያገኘውም አደጋ እንዲሁ። በጁን 2025 በስዋት ወንዝ ዳር ቁርስ ሊበሉ የተቀመጡ ጎብኚዎች ድንገት በመጣ ጎርፍ ተከበው፣ በወንዙ መካከል በቀረች ጥቂት መሬት ላይ ተጨናንቀው እርዳታ ሲጠብቁ ብዙዎቹ ተወስደዋል። ለእነርሱ የሚቆም አጀብ አልነበረም፤ በጊዜው የደረሰ ገመድም አልነበረም። አንድን የውጭ አገር እንግዳ ከፈንጂ ለመጠበቅ ብዙ የታጠቀ ኃይል የሚያንቀሳቅስ አስተዳደር፣ የገዛ ዜጎቹን ከውሃ ለማውጣት አንድ ጀልባ በጊዜው ሳያደርስ ሲቀር፣ «ሰላም ነው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ጠያቂውን አይቶ እንደሚመለስ ያሳያል። እንግዳው ከልክ በላይ ተጠብቆ ከሆነ፣ ከማን ተቀንሶ እንደሆነ መጠየቅ የእርሱም ድርሻ ነው።

በመሆኑም ክርክሩ ወደ መሄድና መቅረት ብቻ መውረዱ ነገሩን ያጠበዋል። መንገደኛው በእጁ ያለው ሥልጣን ትንሽ ነው፤ ፖሊስ እንዲያጅበው ወይም እንዳያጅበው የሚወስነው ብዙ ጊዜ እርሱ አይደለም። ትንሽ መሆኑ ግን ምንም አይደለም ማለት አይደለም። በታወቀ የመኪና ረድፍ ከመጓዝና በተራ የአገር ቤት መኪና ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ከመሄድ አንዱን መምረጥ ይችላል። አጀብ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ መሆኑን ከሰማ ጉዞውን ለሌላ ወር ማዛወር ይችላል። በረዶ በሚቀጥለው ዓመትም ይወርዳል። የጋበዘውን ሰው «የምታሳየኝ ለእኔ ነው ወይስ እኔን ለሌላ ለማሳየት?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ በተለይ የተጋባዡ መታየት ለማስታወቂያ የሚጠቅም ከሆነ ይህ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባውም። የአንድን አካባቢ ሰላም መሆን ለማስመስከር የሚደረግ ጉዞ፣ ሰላሙ ገና ያልተረጋገጠ መሆኑን በራሱ ይናገራል፤ ያ ምስክርነት የሚገኘውም በሌላ ሰው ሕይወት ተይዞ ነው።

ወደ ማላም ጃባ በሚወስደው በዚያው መንገድ አቅራቢያ፣ በጃሃናባድ፣ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአለት ላይ የተቀረጸ የቡድሃ ምስል ይገኛል። ስዋት በጥንት ዘመን የቡድሃ እምነት ትልቅ ማዕከል ስለነበረ ከቻይና ድረስ መነኮሳት መጥተው ይሳለሙት ነበር፤ የመንገዱንም አደጋ በገዛ ራሳቸው ተሸክመውታል። በ2007 ታጣቂዎች የምስሉን ፊት በፈንጂ አፈረሱት። የጣሊያን አርኪዎሎጂስቶች ለዓመታት ሠርተው ፊቱን መልሰውታል። ሙሉ በሙሉ እንደ ቀድሞው ግን አላደረጉትም፤ ጉዳቱ ለተመልካች እንዲታይ ሆን ብለው ተዉት። ወደ በረዶው የሚቸኩል መኪና እዚያ ላይ ብዙም አይቆምም።

የቆመም መንገደኛ ካለ፣ ከመኪናው ወርዶ ምስሉን ሲመለከት ከኋላው የሚቆሙትን ሰዎች ዞር ብሎ ሊያያቸው ይችላል። ምስሉን አያዩትም፤ የሚያዩት መንገዱን ነው። ሻንጣውን ገና ያልዘጋው ሌላው መንገደኛ ደግሞ፣ በጉዞው ዝርዝር ላይ ካፖርት፣ ጓንት፣ መድኃኒት፣ የመንሸራተቻ ኪራይ ብሎ ከጻፈ በኋላ ከታች ጥቂት መስመሮች ይተርፉታል። የሚያጅቡት ሰዎች ስንት እንደሆኑ፣ እርሱ በገመዱ ወንበር ወደ ላይ ሲወጣ እነርሱ በብርዱ የት ቆመው እንደሚጠብቁት፣ ምሳቸውን ማን እንደሚያበላቸው፣ ሲመሽ በየት መንገድ ወደየቤታቸው እንደሚገቡ ሊጽፍባቸው ይችላል።